መርካቶን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ጉዞው ከሰባተኛ ይጀምራል

የትምህርት ቤት እረፍት በመጣ ቁጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ኪስ ሲፈቅድ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ይታሰባል። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ሞምባሳ፣ ዛንዚባር፣ ዱባይ። በእነዚህ የባሕር ዳር ከተሞች ጉብኝት የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከድሮው ገበያና ከድሮው ሰፈር ነው። ዱባይ የሄደ ሰው ዴራ ያሉትን የወርቅና የቅመም ገበያዎች ሳያይ አይመለስም። ዛንዚባር የሄደም እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ውስጥ ሳይዞር አይወጣም።

እኛም ባለፈው ዓመት ገንዘብ አጠራቅመን ዱባይ ሄደን ነበር። የ11 ዓመቷ ልጄ ዴራ ውስጥ በቅመም ጆንያዎች መካከል ቆማ ፎቶ እየተነሳች «እማዬ፣ እኛ አገር እንደዚህ ያለ ገበያ አለ?» አለችኝ። «አለ እንጂ፤ መርካቶ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «መርካቶ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የለበሰችው ዩኒፎርም ጨርቅ፣ የምትበላው ሽሮ ቅመም፣ የምትተኛበት ፍራሽ ሳይቀር በመርካቶ በኩል ያለፈ ነው። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ የእናቷ እትብት የተቀበረው እዚያው መሆኑ ነው። ያደግኩት ሰባተኛ ነው። ይህንን ግን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። እንዲያውም ለማንም አልናገርም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ «ሰፈርሽ የት ነው?» ሲሉኝ «አዲስ ከተማ» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ክፍለ ከተማው አዲስ ከተማ ነው። እውነቱ ግን «ሰባተኛ» ስል ሰዎች ፊት ላይ የምትመጣውን ፈገግታ ፈርቼ ነው። የሰፈሩ የሌሊት ሕይወትና መጠጥ ቤቶች ስሙን አስቀድመው አበላሽተውብን ነበር።

ከዱባይ እንደተመለስን ወሰንኩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ልጆቼንና አብራን የምትኖረውን የቤት አጋዣችንን ይዤ፣ ምንም ልገዛ ሳይሆን ላሳያቸው ብቻ፣ ወደ መርካቶ ወረድኩ። የዚህ ወር ጽሑፌ የዚያ ግማሽ ቀን ጉዞ ነው። እናንተም እንድትሞክሩት ስለምፈልግ መንገዱን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ባሕር የሌላት ከተማ ወደብ

ከመነሳታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ትንሽ ታሪክ ንገሯቸው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በፊት መርካቶ አልነበረም። አራዳ ነበር፤ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጮችና የአገሬው ሰው ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያደርግ የከተማ ፕላን አወጣ። አራዳን ለራሱ ሰዎች አስቀርቶ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው። አዲሱን ቦታም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን ከ5 ዓመት በኋላ ወጣ። ስሙና ገበያው ግን ቀሩ። ለመለያየት ተብሎ የተቆረሰው ቦታ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው የሚቀላቀልበት ሆነ።

በአፍሪካ ትልቁ ክፍት ገበያ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ለልጆቼ ያልኳቸው ግን ሌላ ነው፤ «አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ወደቧ ግን መርካቶ ነው።» በጂቡቲ በኩል የገባው ዕቃ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ ብዙው የሚራገፈው እዚህ ነው። ከጎጃም፣ ከጅማ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር የተነሳውም እህል፣ ቡና፣ ቅቤና በርበሬ እንዲሁ እዚሁ ይወርዳል። ከዚያ ተከፋፍሎ ወደየሰፈራችን ሱቅ ይሄዳል። ሞምባሳ ወደብ ላይ ቆማችሁ መርከብ እንደምትመለከቱት ሁሉ፣ እዚህም ቆማችሁ የሚጫነውንና የሚወርደውን ማየት ትችላላችሁ።

ሰባተኛ፦ ከባቡር ስትወርዱ

መኪናችሁን ቤት ተዉት። መርካቶ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሩ ቀኑ ያልቃል። ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው መስመር ላይ «ሰባተኛ» የሚባል ጣቢያ አለው። ከአያት ወይም ከጦር ኃይሎች በኩል የምትመጡ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩት በስታዲየምና በልደታ መካከል ስለሆነ እዚያ መቀየር ነው። ከልደታ በኋላ ዳርማርንና አብነትን አልፋችሁ ሰባተኛ ትወርዳላችሁ። በከተማዋ የልማት ሥራ ምክንያት አገልግሎቱ የሚቋረጥባቸው ጊዜያት ስላሉ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ማረጋገጥ አይከፋም። የ8 ዓመቱ ልጄ የባቡር ጉዞው ብቻ በቂው ነበር፤ ስንወርድ «ደግመን እንሂድ» ነው ያለኝ።

ሰባተኛ ላይ የሚጎበኝ ሐውልትም ሙዚየምም የለም። የሚታየው ሰው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ይመስላል። ወያላው ይጣራል፤ ሻይ የምታፈላው ሴት ብርጭቆ ታለቀልቃለች፤ ጫኝና አውራጆች ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ጥቅል ተሸክመው «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። የመጀመሪያውን ሕግ ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው፤ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ መንገድ ይለቀቃል። እሱ መቆም አይችልም፤ እኛ እንችላለን።

እናቴ እዚህ ሻይ ቤት ነበራት። ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የከሰል ምድጃ ያላት ጠባብ ቤት ናት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ቤቷ የነበረችበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት፤ በቦታው የቆመው ከፍ ያለ ሕንፃ ነው። ልጄ «የቱ ነው ቤትሽ?» ስትለኝ በጣቴ አየሩን አሳየኋት።

አውቶቡስ ተራ፦ አዲስ አበባ የምትጀምርበት በር

ከሰባተኛ ጥቂት በእግር ስትሄዱ አውቶቡስ ተራ ትደርሳላችሁ። ዛሬ ላምበረትና ቃሊቲን የመሳሰሉ መናኸሪያዎች ሥራውን ተካፍለውታል። ለብዙ ሺህ ሰዎች ግን አዲስ አበባ የምትጀምረው እዚህ ነው። ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ከውጭ ቆማችሁ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ተመልከቱ፤ ዶሮ የያዘ አለ፣ ጀሪካን ቅቤ ያቀፈች አለች፣ አንድ ፌስታል ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚያይ ወጣት አለ።

እዚህ ነው አጋዣችን የቆመችው። ልጆቼ «እታለም» ነው የሚሏት። ከእኛ ጋር ስትኖር አምስት ዓመት ሆኗታል፤ እንዴት እንደመጣች ግን ጠይቀናት አናውቅም ነበር። ልጄ «ምን ሆንሽ እታለም?» አለቻት።

«እዚህ ጋ ነበር የተቀመጥኩት» አለች፣ በእጇ የአጥሩን ጥግ እያሳየች። «15 ዓመቴ ነበር። አክስቴ ትቀበልሻለች ብለውኝ ከጎጃም ብቻዬን መጣሁ። አክስቴ አልመጣችም። መሸ። ሁለት ደላሎች ሥራ አለ፣ ነይ አሉኝ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ናት ‹ተዋት! የእኔ ልጅ ናት› ብላ ያባረረቻቸው። ቤቷ አሳደረችኝ። አክስቴ የመጣችው በማግሥቱ ነው።»

«ሴትዮዋ የት አለች?» አለ ልጄ።

«አላውቅም። ስሟንም አልጠየቅኳትም።»

ውድ አንባቢያን፣ ያቺ ሴት እናቴ አይደለችም፤ እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። ግን እናቴም ይህንኑ ስታደርግ አይቻለሁ። ልጅ እያለሁ ስንት ሌሊት ከማላውቃት ልጅ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝቻለሁ! ጠዋት ዘመድ ተፈልጎ ይገኛል ወይም ሥራ ይገኝላታል። እናቴ «ሰባተኛ ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን አታድርም» ትል ነበር። ሁሉንም ማዳን አልቻለችም። ሰፈሩ ስሙ የጠፋበት የሌሊት ሥራ ውስጥ የወደቁት ብዙዎቹ በዚሁ በር የገቡ፣ የሚቀበላቸው ያጡ ልጆች ናቸው። እኔ ያፈርኩበት ሰፈር እነሱን የጣለም፣ የያዘም ሰፈር ነው። ይህንን ለመረዳት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

እናንተም ቤት የምታግዛችሁ ልጅ ካለች፣ በዚህ ጉዞ አብራችሁ ብትወጣ ደስ ይለኛል። ዘንቢል ልትይዝላችሁ አይደለም። ምናልባት ከሁላችሁም በላይ ስለዚህ ቦታ የምታውቀው እሷ ናት።

ምናለሽ ተራ፦ ቆራሌው የወሰደው ዕቃ

«ተራ» የሚለውን ቃል ለልጆች ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ ጎማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ሸማ ተራ ይባላል። ልጆቼ «ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ከሸጠ እንዴት ያተርፋሉ?» አሉኝ። መልሱን እዚያው አገኙት። አንዱ ባለ ሱቅ የጠየቅነው ዕቃ ሲያልቅበት «ቆይ» ብሎ ከጎረቤቱ ሮጦ አመጣልን። ጎረቤታሞቹ ተፎካካሪ ናቸው፤ ግን አንድ ዕቁብ ይጥላሉ። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚጣል ዕቁብ የስንቱን ሱቅ መነሻ ገንዘብ እንደሸፈነ መርካቶ ይቁጠረው። ዛሬ ባለ ሕንፃ የሆኑ ብዙ ነጋዴዎች፣ በተለይም ከጉራጌ አካባቢ የመጡት፣ ሊስትሮነትና ሱቅ በደረቴ ከሚባለው ሥራ ተነስተው እዚህ የደረሱት ዕቁብ እየጣሉ ነው። ታላቁ ድምፃዊ ማህሙድ አህመድም የመርካቶ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር። ልጆቻችሁ በመንገድ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ሲያዩ ይህንን ንገሯቸው።

ከተራዎቹ ሁሉ ልጆች አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ግን ምናለሽ ተራን ነው። ከሩቅ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ይመራችኋል። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ ተልጦ በረባሶ ይሆናል። የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። የአሮጌ ፍሪጅ በር፣ የተበላሸ ሽቦ፣ ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን ሁሉም ዋጋ አለው።

ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችሁ «ቆራሌው!» እያለ ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚያልፈውን ሰው ታውቁታላችሁ። ልጆቼ ከእሱ የሚያስታውሱት ጩኸቱን ነው። የገዛውን ዕቃ የት እንደሚወስደው ግን አያውቁም ነበር። እዚህ ነው የሚያመጣው። ልጄ አንድ አንጥረኛ ፊት ቆሞ የወተት ዱቄት ጣሳ በጥቂት ምት ወደ ሌላ ዕቃ ሲለወጥ አየ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ጣሳ ነው!» አለው። አንጥረኛው መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ፤ «ከሆነማ በርካሽ እሰጥሃለሁ» አለው። ልጄ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ኩባያ ገዛ። በትምህርት ቤት ስለ ዳግም ጥቅም ስንት ገጽ እንደተማረ አላውቅም፤ የገባው ግን ያን ቀን ነው።

እዚህ ስትቆሙ ከእሳትና ከሹል ብረት ራቁ። ልጆች የተዘጋ ጫማ ይልበሱ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ ሻይ ጋብዘን ነው የጠየቅነው።

በርበሬና ቅቤ፦ በአፍንጫ የሚጎበኝ ገበያ

ከመዶሻው ድምፅ ወጥታችሁ ወደ በርበሬውና ቅመሙ ተራ ስትገቡ መንገዱን የሚመራችሁ አፍንጫ ነው። መጀመሪያ ታስነጥሳላችሁ፤ ይህ የማይቀር ነው። ቀጥሎ ዓይናችሁ ይለምዳል። የማረቆ በርበሬ ደም መስሎ ተከምሯል። ኮረሪማው ገና ከነልጣጩ ነው። ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ቅርንፉድና እርድ በየጆንያው ተሰልፈዋል። ልጄ ዴራ የተነሳችውን ፎቶ አስታወሰች። እኔም አንድ ነገር ነገርኳት፤ ዴራ ያየችው ቅመም ከህንድና ከሌሎች አገሮች በመርከብ የመጣ ነው፤ ኮረሪማ ግን የእኛው አገር ተክል ነው፤ ከዚሁ ነው የሚወጣው።

ለልጆች ጥሩ ጨዋታ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቅመሙን በሽታ ብቻ እንዲለዩ አድርጉ። የእኔዎቹ ከስምንቱ ሁለቱን ብቻ አወቁ። እታለም ስምንቱንም አወቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ታግዛታለች፤ ቢያንስ ለመወራረድ።

ቅቤ ከፈለጋችሁ የሸኖ ቅቤ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሻጭ ግን «የሸኖ ነው» ማለቱን አትርሱ። ሳትቀምሱና ሳታሸቱ፣ ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከመሃሉም አስወጥታችሁ ሳታዩ አትግዙ። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ አንዱ ጋ ከላዩ ቅቤ፣ ከውስጡ ሌላ ነገር የሆነ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ጤፍ ለመግዛት የምትፈልጉ ደግሞ እህል በረንዳን አትለፉት። ማኛውን፣ ነጩን፣ ሰርገኛውንና ቀዩን ለልጆቻችሁ በእጃቸው እያፈሱ አሳዩአቸው። በየቀኑ እንጀራ የሚበላ ልጅ የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ሳያይ ማደግ የለበትም።

ሸማ ተራ፦ ከእሳቱ በኋላ

ሸማ ተራ ሲነሳ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የተነሳውን እሳት የማያስታውስ የለም። የስንቱ ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። እኛ በሄድንበት ቀን አንዲት የሸማ ነጋዴ ስለዚያ ሌሊት ለልጆቼ ነገረቻቸው። «ሱቄ ነደደ፤ ደንበኛዬ ግን አልነደደም» አለች። እሳቱ በጠፋ ሳምንት በዱቤ የወሰዱ ደንበኞቿ ገንዘቧን እየያዙ መጥተው ከፈሏት። መዝገቡ ተቃጥሏል፤ ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቀው ባለዕዳው ብቻ ነው። «ከመዝገቡ የተረፈው እምነት ነው» አለች።

ለልጆቻችሁ ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ የተሻለ ቦታ የለም። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን በጣታቸው እንዲቆጥሩት አድርጉ። ዋጋ ስትጠይቁም እነሱ ይከራከሩ። «ቁርጡን ንገሪኝ» ማለትን፣ መሄድ ጀምሮ መመለስን፣ ተስማምቶ «ይባረክልሽ» ማለትን የሚያስተምር የመደብር መደርደሪያ የለም። ልጄ ለአባቷ አንድ ጋቢ ተከራክራ ገዛች። ስንት እንዳስቀነሰች እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

አንዋርና ራጉኤል

ጉዟችሁን ታላቁ አንዋር መስጊድና ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ባሉበት አካባቢ ጨርሱ። ሁለቱ የሚገኙት ተቀራርበው ነው፤ የአንዱ አዛን የሌላው ደወል በአንድ ሰማይ ስር ይሰማል። መግቢያቸው አካባቢ ላይ ጥላ የሚሸጥ፣ መስገጃ የሚሸጥ፣ ጧፍ የሚሸጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ልጆቼ ሌላው ጥያቄያቸው ሁሉ አልቆ እዚህ ዝም ብለው ቆሙ። በዙሪያው ያለው ጩኸት ሁሉ እያለ፣ ሰው ጫማውን አውልቆ ወይም ተሳልሞ ሲያልፍ ማየት አንድ ነገር ያስተምራል።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጸሎት የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ስለሚሞላ ሌላ ቀን ምረጡ። ለመግባት ከፈለጋችሁ ደግሞ ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ፤ በር ላይ ያሉትን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ቀን፦ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጥሩ ነው። ቅዳሜ መርካቶ ጢም ይላል፤ ትናንሽ ልጆች ይዞ አይቻልም። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ፀሐዩም ግፊያውም ይበረታል።

ኪስ፦ ስልካችሁን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ አትሂዱ። ቦርሳ ወደ ፊት ይሁን። ወርቅ ቤት ይቅር። ገንዘባችሁን በሁለት ቦታ ክፈሉት። ይህን የምለው ስልክ አስወስጄ ስለማውቅ ነው።

ልጆች፦ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። ቢጠፉ ከቆሙበት እንዳይንቀሳቀሱና በቅርብ ያለ ባለ ሱቅ እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ምሳ፦ ጠዋት ፉል፣ ቀትር ላይ ክትፎ በቆጮ መብላት ለማን ያንሳል? ሰው የበዛበትን ቤት ምረጡ። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ።

ደላላ፦ «ምን ፈለጋችሁ?» እያለ የሚከተላችሁን ሰው በፈገግታ «ለማየት ነው የመጣነው» በሉት። መጀመሪያ አያምንም፤ በኋላ ይተዋችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አትዘግዩ። የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ፎቶ ያላነሳ፣ ልጁን ያላሳየ ስንቱ ነው የተቆጨው። መርካቶም እየተለወጠ ነው። ተራው ወደ ሕንፃ፣ በረንዳው ወደ መስታወት እየተቀየረ ነው። መለወጡ ክፉ ነው አልልም፤ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ የዘነበው ዝናብ እንዲቀር እኔም እፈልጋለሁ። ግን ልጆቻችን የነበረውን ሳያዩ የሚመጣውን ብቻ ካዩ ምን እንደተለወጠ እንኳ አያውቁም።

በዚያው ሳምንት እሁድ አማቴ ቤት ምሳ ነበርን። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። አማቴ ልጄን «ሳምንቱን የት ዋላችሁ?» ሲሏት «የእማዬ ሰፈር ሄድን! ሰባተኛ!» አለች፣ በኩራት። ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ ወደ እኔ ዞረው «ሰባተኛ ነው እንዴ ያደግሽው? አዲስ ከተማ አልነበር የምትዪን?» አሉኝ።

«ሰባተኛ ነው፣ እማማ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስሙን ጠራሁት።

አማቴ የቡናውን ሲኒ አስቀመጡ። «እኔስ ብትዪ» አሉ፣ «ከደብረ ማርቆስ ስመጣ መጀመሪያ የረገጥኩት አውቶቡስ ተራን አይደል? ሁለት ቀን ሰባተኛ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው ያደርኩት። ለማን ልንገረው ብዬ እንጂ።»

ልጆቹን ያን ቀን ለመሰብሰብ ተቸገርን። ሁሉም አማቴን ከበው ታሪኩን ያስቀጥሏቸው ነበር። እናንተም ከመርካቶ ስትመለሱ በቤታችሁ ያሉትን አያቶች ጠይቁ። በዚያ በር ያልገባ ሰው ስታጡ ታያላችሁ።